ለካዛንቺሱ ገንዳ የተላከ ፓምፕ

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ልጄ ለኢያቄም፤

እንዴት ከርመሃል? ቂርቆስ ከነእናቱ በሄድክበት ይከተልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኔም ልደትም አለን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሌላው ተመስገን ነው።

እትዬ የሻረግ ለምን አትደውልም እንዳትል። በስልክ "ሃሎ፣ ይሰማል? አይሰማም" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ዕድሜዬን ሙሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ። ነገሬን በወረቀት ካላየሁት የተናገርኩ አይመስለኝም። አባትህም የአጎቴ ልጅ እንደመሆኑ ይህን ጠባዬን ያውቀው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

የምጽፍልህ ስለ ገንዳው ነው። ልጅ ሆነህ ከወሎ ሰፈር በእግርህ እየመጣህ የምትንቦራጨቅበት፣ ባለቤቴ ጋዲሳ በገዛ እጁ ቆፍሮ የሠራው የግቢያችን መዋኛ። መቼም አትረሳውም። ልደትን በሕፃንነቷ ፖሊዮ እግሯን ሲነጥቃት ሐኪሙ "ውሃ ውስጥ ትንቀሳቀስ" አለ፤ ጋዲሳም የቧንቧ ሠራተኛ ነውና ዶማውን አነሳ። ጎረቤት ሁሉ አብዷል ብሎ ነበር። ይኸው ዛሬ ልጄ በዚያች ገንዳ የሰፈሩን ልጆች ዋና እያስተማረች ነው የምንኖረው።

ጋዲሳ ካረፈ ወዲህ ግን ፓምፑ ጠላት ሆነብን። እሱ በሕይወት ሳለ ሞተሩን በጆሮው ያክመው ነበር። አሁን መብራት ሲበላ ለጉድ ነው። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ባለፈው መጥቶ "እትዬ፣ ወፍጮ ቤት ከፈቱ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። የልጆቹ ክፍያ የመብራቱን አፍ አይዘጋም። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ውሃው ይቆማል፤ የቆመ ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላው ጎመን ይመስላል። ያን ጊዜ ወላጅ ልጁን እጁን ይዞ ይመለሳል። ወላጅ ምን ያድርግ፣ እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ልደት መንገድ ላይ በክራንች ስትሄድ ሰው ሁሉ "አይዞሽ የኔ ምስኪን" እያለ ነው የሚያልፋት። ውሃ ውስጥ ስትገባ ግን "ቲቸር" ነው የሚሏት፤ ተቆጥታ ታስለቅሳቸዋለች፣ ተመልሳ ታስቃቸዋለች። ገንዳው ከተዘጋ ልጄም አብራ ትዘጋለች። ጭንቀቴ ይኸው ነው።

አንተ እዚያ የገንዳ ኢንጂነር ነህ አሉ። ከመብራት የሚያላቅቀን ዘዴ ካለ ንገረን። ብር ላክ አላልኩህም፤ ዘዴ ነው የጠየቅኩህ።

አክስትህ የሻረግ

---

ሊማሶል፣ ኅዳር 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻረግ፤

ጉልበትዎን ስሜ፣ ልደትን አቅፌ ነው የምጀምረው። ደብዳቤዎን ሳነብ ገንዳው ዳር "ብርድ ይገባችኋል፣ ውጡ!" እያሉ የሚጮኹብን ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ጋሽ ጋዲሳን አፈር ይቅለላቸው። ቀብራቸው ላይ አለመገኘቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኢንጂነር የሚሉትን ነገር ይተዉት እትዬ። እዚህ ቆጵሮስ የሆቴሎች ገንዳ ነው የምጠብቀው፤ ፓምፕ እገጥማለሁ፣ ማጣሪያ አጥባለሁ፣ ክሎሪን እለካለሁ። በቃ። ግን ጥያቄዎ ሥራዬ ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

ለጊዜው እንዲህ ያድርጉ። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ መሥራት የለበትም፤ ልጆች ካሉበት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ይጀምር፣ ከሄዱ በኋላ ጥቂት ይቆይና ይጥፋ። ማታ ገንዳውን በሸራ ይሸፍኑት፤ ቅጠልና አቧራ ካልገባበት ፓምፑም አይደክም። የማጣሪያው አሸዋ ጋሽ ጋዲሳ ካረፉ ወዲህ ካልተቀየረ ይቀየር። የተደፈነ አሸዋ ውስጥ ውሃ መግፋት ማለት ዳገት ላይ ጋሪ መግፋት ነው፤ መብራቱን የሚበላው እሱ ነው።

ዋናው መፍትሔ ግን በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ነው። እዚህ ብዙ ሆቴሎች ወደሱ እየዞሩ ነው። ጣሪያ ላይ የሶላር ሰሌዳ ይደረጋል፤ ከሱ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ነው። ባትሪ የለው፣ ምን የለው። ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ ስትጠልቅ ይተኛል። ውሃም አረንጓዴ የሚሆነው በፀሐይ ሰዓት፣ ሰውም የሚዋኘው በፀሐይ ሰዓት ስለሆነ ይገጣጠማል። ቆጣሪውን ሳይነካ ማለቴ ነው እትዬ! መብራት ቢሄድ ቢመጣ የእናንተ ጉዳይ አይሆንም።

የጣሪያውን ስፋት ልደት ለክታ ትላክልኝ። ሰላም ይዋሉልኝ።

ልጅዎ ኢያቄም

---

ካዛንቺስ፣ ጥር 16 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢንጂነር ልጄ፤

እኔ ኢንጂነር ካልኩህ ኢንጂነር ነህ፤ ከሽማግሌ አትከራከር። ጥምቀትን በሰላም ዋልን፣ ለከርሞው አንተንም ታቦቱ ፊት ያቁምህ።

ያልከውን ሁሉ አደረግን። አሸዋው ሲወጣ አሸዋ መሆኑ ቀርቶ ጭቃ ነበር፤ አፍሬ ጎረቤት እንዳያይ በጆንያ አስወጣሁት። ሸራም ከመርካቶ ገዛን። እውነትም ቆጣሪው ቀዝቀዝ አለ። የመብራቱ መሄድ ግን እንዳለ ነው። ትናንትና ልጆቹ ተሰልፈው ቆመው ውሃው ደፍርሶ ልደት "ዛሬ የለም" ብላ መለሰቻቸው። መልሳቸው ስትመጣ ፊቷን አላሳየችኝም።

ደግሞ መልካም ወሬም አለኝ። አቶ አስመላሽ የሚባሉ መስቀል ፍላወር በኩል ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ተማሪዎቻቸውን በየሳምንቱ ሊልኩልን ፈቅደዋል። "ውሃው ጥርት ያለ ይሁን እንጂ ከእኔ በኩል ችግር የለም" ነው ያሉት። ጥርት ያለ! ልደት ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላት።

ሰሌዳውን እዚሁ እንገዛለን፤ እቁቤ ደርሶኛል። ፓምፑ ግን አዲስ አበባ የለም አሉኝ። ያለውም ለእርሻ የሚሆን ግዙፍ ነው። ዘዴ ብቻ ነው የምፈልገው ብዬህ ነበር፤ ይኸው ቃሌን አጥፌ ዕቃ መለመን ጀመርኩ። የለመነ ፊት ይጠቁራል፤ ቢሆንም ለልጄ ነው። ከዚያ የተጣለ፣ ያረጀም ቢሆን ካለ ላክልን።

የጣሪያው ልክ በልደት እጅ ተጽፎ ከዚህ ጋር አለ።

የሻረግ

---

ሊማሶል፣ ሰኔ 11 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻረግ፤

ደጋግሜ እጅ እነሳለሁ፤ ለመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባዶ እጄን "እሺ፣ እፈልጋለሁ" ብዬ መጻፍ አስጠልቶኝ ነው ዝም ያልኩት።

አሁን ግን ተገኘ። ተራራው ላይ ያለ አንድ ሆቴል የፀሐይ ፓምፖቹን ሲቀይር አለቃዬን ለምኜ አንዱን ወሰድኩ። ፈትቼ አጥቤዋለሁ፣ ኩሽኔታውን ቀይሬዋለሁ። አዲስ ነው ቢሉት ሰው ሁሉ ያምናል። ዙለይካ የምትባል እዚህ ሰው ቤት የምትሠራ የሰፈራችሁ ልጅ ለእረፍት ስትገባ ታመጣላችኋለች። የራሷን ዕቃ ቀንሳ ነው የያዘችው፤ ምርቃትዎን አይንፈጓት።

ከፓምፑ ጋር የሰሌዳው ማቆሚያ ብረት ስዕል አለ። እዚያው ሆቴል ጣሪያ ላይ ወጥቼ እየለካሁ ነው የቀዳሁት። ሰሌዳው ወደ ደቡብ ዞሮ፣ ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቀና ብሎ ነው የሚቆመው። የሚበይደው ሰው እንደ ስዕሉ ይሥራው፤ አንዲት ጣት እንኳ እንዳይዛነፍ። አደራ! የሀገራችን ሰው "እኔ አውቃለሁ" እያለ ነው ዕቃ የሚያበላሸው።

ለልደት፦ ቲቸር፣ እኔንም አንድ ቀን ቢራቢሮ ዋና ታስተምሪኛለሽ።

ኢያቄም

---

ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለባለውለታዬ ለኢያቄም፤

እጅህ ይባረክ! የነካኸው ሁሉ ይለምልም! የወለደችህ እናትህ ማሕፀን ይባረክ! ሌላ ምን ልበል፣ ምርቃት አለቀብኝ።

ሠራ! ኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው ያስነሳነው። ዙለይካ መስከረም ላይ አመጣችው፤ ትከሻዋ እስኪገነጠል ይዛው ስትገባ እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ብረቱን መርጋ የሚባል የወሎ ሰፈር በያጅ ሠራው። "ከውጭ የመጣ ስዕል ነው፣ አንዲት ጣት እንዳይዛነፍ" ብዬ ከሥሩ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ጠበቅኩት። እግሩን በሲሚንቶ አስቀበርኩት፣ መገጣጠሚያውን አስበየድኩት። ነፋስ አይደለም፣ ዝሆን አይነቅለው።

ጠዋት ፀሐይዋ ጣሪያውን ነክታ ትንሽ ስትቆይ ፓምፑ "ህምምም" ብሎ ይነሳል። መጀመሪያ ቀን ልደት እጇን ውሃው የሚወጣበት ላይ አደረገች። "እማዬ፣ ይገፋኛል" አለች። ከዚያ ከነልብሷ ዘላ ገባች! ያቺ ቁም ነገረኛ ልጅ! ተቆጣሁ፣ ግን እየሳቅኩ ነው የተቆጣሁት።

ውሃው አሁን የታች ንጣፉ አንድ በአንድ ይታያል። አቶ አስመላሽ መጥተው አይተው "ጠበል ነው እንዴ?" አሉ። ልጆቹ በአውቶቡስ ነው የሚመጡት። መብራት ይሄዳል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፣ የኛ ገንዳ ይዞራል። ጎረቤቶቼ ሲያማርሩ እኔም ለይሉኝታ አብሬ አማርራለሁ።

ጋዲሳ ቢያይ ኖሮ ብዬ ነው ያለቀስኩት፤ የደስታ ነው፣ አታስብ።

የምትወድህ የሻረግ

---

ሊማሶል፣ የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻረግ፤

ሰላምታዬ ከልብ ነው። ደብዳቤዎን ለሥራ ጓደኞቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ልደት ከነልብሷ ገባች የሚለው ላይ ሁሉም አጨበጨቡ።

እዚህ ሥራው ትንሽ ቀዝቅዟል። ሆቴሎቹ እንግዳ የላቸውም፤ ድርጅታችንም ሰው እየቀነሰ ነው። እኔን የሚነካኝ አይመስለኝም፣ አያስቡ።

እትዬ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ልጠይቅዎ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በሶላር ሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶች አሉ እንዴ? ሰው ይቀጥራሉ? ለወሬ ነው።

አጭር በመጻፌ አይቀየሙኝ።

ኢያቄም

---

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢያቄም፤

ትንሣኤውን ይግለጥልህ፤ እንኳን ለብርሃኑ አደረሰህ። ፋሲካን ያለ አንተ ዶሮ በላን፣ አንገቱን ለአንተ አስቀመጥን ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ግን ቀልዱም አልመጣልኝ።

ስለ ሥራው የጠየቅከውን ሳልጠይቅልህ አልቀረሁም። ሁለት ሦስት ቦታ አሉ፤ "ማስረጃውን ይላክ" ይላሉ። ልጄ፣ ለወሬ አለመሆኑን አውቃለሁ። የሆንከው ነገር ካለ ንገረኝ።

እኛ ዘንድ ፓምፑ ደከመ። ከመጋቢት ጀምሮ ነው። ጠዋት ማልዶ ይነሳ የነበረው አሁን ረፍዶ ነው የሚነሳው፤ ከሰዓት በኋላም ቶሎ ይተኛል። ሲሠራም ያ ኃይሉ የለም። መርጋ መጥቶ ሽቦውን አየ፣ "ሽቦው ጤነኛ ነው" አለ። ማጣሪያውን አጠብን። ፀሐዩ እንደሆነ እንደዚህ ዓመት ነድዶ አያውቅም፤ አናት ይበሳል! ይህን ሁሉ ፀሐይ ይዞ ምን ጎደለው?

አንድ የገረመኝ ነገር፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ የሰሌዳውን ጀርባ ነው የምትመታው። ድመታችን ጥላ ፍለጋ ከፊቱ ሄዳ ትተኛለች።

ልደት ደግሞ "ብረቱን ቆርጠን ሰሌዳውን እናስተኛው" ትለኛለች። "እማዬ፣ በርበሬ ስታሰጪ ሰፌዱን አስተኝተሽ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ አቁመሽ ነው?" ትለኛለች። እኔም "ኢንጂነር ለክቶ የላከውን አንቺ በበርበሬ ታርሚያለሽ? የሰው ልፋት አትናቂ" ብዬ ተቆጣኋት። አንተ ሳትፈቅድ ማንም አይነካውም። ቶሎ መልስ ስጠኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሳያውቅብን።

የሻረግ

---

ካዛንቺስ፣ ሰኔ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢያቄም፤

መልስህን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። በስልክም ሞከርኩ፤ ሴትዮ በባዕድ ቋንቋ ትናገርና ይዘጋል። ደኅና መሆንህን ብቻ ብሰማ።

እዚህ ከፋ። ሰሌዳውን ልታስተኛው ልደት መርጋን ይዛ መጣች። እኔ መሰላሉ ሥር ቆሜ "በሬሳዬ ላይ!" አልኩ። አደራህን ነው የጠበቅኩት። ስዕሉን አውጥቼ "ይኸው፣ አንዲት ጣት እንዳይዛነፍ ይላል" እያልኩ አሳየኋቸው። መርጋ አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ልጄም ተመልሳ ገንዳው ዳር ተቀመጠች።

በአሮጌው የመብራት ፓምፕ እንዳንጠቀም የድሮ ያልተከፈለ ዕዳ አለባችሁ ተብለን መብራቱ ተቆርጧል። ፓምፑ ለወጉ ያህል ይሠራል፤ ውሃው መጀመሪያ ወተት መሰለ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ክሎሪን ብንጨምር የልጆቹ ዓይን ቀላ። ልደት "እንዝጋ" አለች። እኔ ነኝ "ይህ ሳምንት ይለፍ፣ ትምህርት ሊዘጋ ነው" ያልኩት።

በዚያው ሳምንት ከውሰር የምትባል ትንሽ ልጅ ጠለቀች። ውሃው ደፍርሶ ማንም አላያትም። ልደት ቁጥራቸው መጉደሉን ስታውቅ ጮኸችና ገባች። በእጇ እየዳሰሰች ነው ከሥር ያገኘቻት። በዓይኗ አይደለም፣ በእጇ! ልጅቷ ተርፋለች፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባው፤ ሆስፒታል አድራ ወጣች። እናቷ ግን ግቢያችን ድረስ መጥታ ያለችውን አልጽፍልህም፤ እውነቷን ነው።

አቶ አስመላሽ ልጆቻቸውን አነሱ። የሰፈሩም ልጅ ቀረ። ልደት ከዚያ ቀን ወዲህ ገንዳው ጋ አትደርስም።

እባክህ ልጄ፣ ምን እናድርግ? ብር አይደለም፣ ዕቃ አይደለም፣ አንዲት ቃል ላክልኝ።

የሻረግ

---

ኒቆስያ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻረግ፤

እንዴት ሰላም ልበልዎ? ከምን ልጀምር?

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ የቀድሞ ቤቴ ሄደው፣ አከራይዋ ይዛቸው ቆይታ ገና ትናንት ነው የሰጠችኝ። መጋቢት ላይ እዚህ ባንኮቹ ተዘግተው ሀገሩ ተናወጠ፤ ድርጅታችንም ፈረሰ። ሥራ አጥቼ ከተማ ቀይሬ ከሰው ጋር ተዳብዬ ነው ያለሁት። ስልኬም ተዘግቷል። "አያስቡ" ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ ያን ጊዜም የሚቀነሱት ስም ዝርዝር ላይ እንደነበርኩ አውቅ ነበር። ለእርስዎ መንገር አፈርኩ።

ስለ ከውሰር የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት።

እትዬ፣ ልደት ትክክል ናት። ሰሌዳው የቆመው በስህተት ነው፤ የእኔ ስህተት። እዚህ ሀገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ናት፤ አናት ላይ አትወጣም። ያ ሆቴል ደግሞ ለብርዱ ወራት ብሎ ነው እንደዚያ ቀና ያደረገው። እኔ ይህን ልማድ ይዤ ስዕሉን እንዳለ ገልብጬ ላክሁላችሁ። አዲስ አበባ ፀሐይ ሚያዝያ ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ኅዳርና ታኅሣሥ የሠራው ያኔ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ነው። ጀርባውን ትመታዋለች ብለው ሲጽፉልኝ ነው ገበናዬ የታየኝ። እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ አድጌ፣ የት እንደምትቆም ረሳሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። መርጋ የኋላውን ብረት ቆርጦ ሰሌዳውን ዝቅ ያድርገው፤ ዝናብ እንዲወርድ ያህል ብቻ ትንሽ ያዘንብል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ በእናቴ አጥንት እምላለሁ። ውሃውን ሳትደፉ ክሎሪን ጨምራችሁ በፀሐይ ሰዓት ሁሉ እየዞረ አንድ ሳምንት ከቆየ ይጠራል። አቶ አስመላሽን እንደገና ይጋብዟቸው። ሁሉም ነገር ይመለሳል።

ለልደት፦ በርበሬዋ ልክ ነበረች። ከእኔ የተሻልሽ ኢንጂነር ነሽ።

ይቅር በሉኝ።

ኢያቄም

---

ካዛንቺስ፣ መስከረም 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢያቄም፤

በሕይወት መኖርህን ስሰማ መሬት ስሜ ተነሳሁ። ሥራ ማጣት ነውር አይደለም ልጄ። ለእኔ ልትነግረኝ አያሳፍርህም ነበር።

ገንዳው የለም። ሐምሌ ላይ ከጎናችን ለሚሠራው ፎቅ መሠረት ሲቆፍሩ አፈሩን የሚደፉበት አጡ። ፎርማናቸው መጥቶ "እማማ፣ ይቺን ጉድጓድ እንሙላልዎት?" አለኝ። ጉድጓድ አላት። ውሃው ሸትቶ፣ ትንኝ አፍልቶ፣ ጎረቤት በየቀኑ በር እያንኳኳ ያማርር ነበር። ልደትን ጠየቅኳት፤ "እንዳልሽ" አለች። እሺ አልኩት። መኪናው አፈሩን ሲገለብጥ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጄ ከክፍሏ አልወጣችም። ላዩ ላይ ዝናብ ዘንቦበት አሁን ሣር አብቅሏል።

ደብዳቤህ ጳጉሜ ላይ ደረሰ። ዓይኔ በዚህ ክረምት ሞራ ስለጋረደው የምታነብልኝ ልደት ናት፤ ይህን ግን ለእሷ አይደለም፣ አገሯ ጠቅልላ ለገባችው ለዙለይካ ነግሬ ነው የማስጽፈው። ልደት ጮክ ብላ አነበበችው። ሰሌዳው ዝቅ ይበል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ አልተለወጠም። በርበሬዋ ልክ ነበረች የሚለውንም አነበበች። አጠፈችው። "ኢያቄም ሰላም ብሎሻል" አለችኝና ክራንቿን አንስታ ወጣች። ብዬሽ ነበር አላለችኝም። እስከ ዛሬም አላለችኝም። ብትለኝ ምናለ!

አንተ ጥፋቱን ጠቅልለህ አትውሰድ። አንተ ርቀህ ነው የረሳኸው፤ የራቀ ሰው ይረሳል። እኔ ግን እዚሁ ከፀሐይዋ ሥር ቆሜ፣ ልጄ በጣቷ እያሳየችኝ አላየሁም። ከባሕር ማዶ የመጣ ወረቀት ከልጄ ዓይን በለጠብኝ። መሰላሉ ሥር ቆሜ የከለከልኳት እኔ ነኝ፤ ውሃው ደፍርሶ "ይህ ሳምንት ይለፍ" ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ለእሷ መናገር ግን አልቻልኩም።

አሁን ደምበል አጠገብ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ ወረቀት ታገላብጣለች። ማታ ስትመጣ እራቷን በልታ ትተኛለች። አንድ ቀን ከውሰር ከእናቷ ጋር መንገድ ላይ አግኝታት "ቲቸር!" ብላ ልትሮጥ ስትል እናትየዋ እጇን ያዘቻት አሉ። ይህንንም የነገረችኝ ልደት አይደለችም፤ ከሰው ነው የሰማሁት።

ፓምፑን ቅባት ቀብተን በጆንያ አስቀምጠነዋል። ሸጠህ ለቤት ኪራይ ታደርገው እንደሆነ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እመልስልሃለሁ።

ጻፍልን ልጄ። እንዴት እንዳደርክ ጻፍ፣ ሥራ ስታገኝ ጻፍ፣ የምትበላውን ሁሉ ጻፍ። "እንዲህ ብታደርጉ ይሠራል" የሚል ነገር ግን ከእንግዲህ እንዳትጽፍልኝ። የምታነብልኝ እሷ ናት።

አክስትህ የሻረግ